ለምለም የሚሰጠው ተቅማጥን ለማስቆም አይደለም

ጥያቄ፦ «ልጄ ዘጠኝ ወሩ ነው፣ 8 ኪሎ ይመዝናል። ከሦስት ቀን ወዲህ ያስቀምጠዋል፤ በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ፣ ውሃ ውሃ የሚል፣ ደም የሌለበት። ትናንት ትኩሳት ጀመረውና ሁለት ጊዜ አስመለሰው። አማቴ ጥርሱ ሊወጣ ነው ይላሉ። ጎረቤታችን ደግሞ ግግ ነው፣ የሚያወጡ ሴትዮ አሉ፣ እንውሰደው ትላለች። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ሽሮፕ ሰጥተውኝ ከትናንት ጀምሮ እየሰጠሁት ነው። ለምለምም በብርጭቆ ትንሽ ትንሽ እየበጠበጥኩ ሰጥቼው ነበር፤ ተቅማጡ ግን አልቆመም፣ እንዲያውም የባሰበት መሰለኝና ተውኩት። ጡትስ ላቁምበት? ሐኪም ቤት መውሰድ ያለብኝ መቼ ነው?»

መልስ፦ እህቴ፣ የቀረውን ከማንበብሽ በፊት ስልኩን አስቀምጪና ልጅሽን ደህና አድርገሽ ተመልከቺው። ጡት ስታቀርቢለት ይይዛል ወይስ መጥባት አቅቶታል? የሰጠሽውን ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ያስመልሰዋል? በዚህ ሕመም ጊዜ አንቀጥቅጦታል? ስትጠሪውና ስትነካኪው ዓይኑን ገልጦ ያይሻል ወይስ ፈዝዞ ተኝቷል? ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለ ንባቡ ይቆይ። ሌሊትም ቢሆን ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይዘሽው ሂጂ። ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ መንገድ ላይም ጡትና ለምለም አታቋርጪበት፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ነገር አታድርጊ።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለ እንቀጥል። የምነግርሽ የመጀመሪያ ነገር ያቆምሽውን ለምለም አሁኑኑ መልሰሽ እንድትጀምሪ ነው።

«ሰጠሁት፣ አልቆመም፣ ተውኩት» የሚለውን ከብዙ እናቶች እሰማለሁ፤ በእናቶቹ አልፈርድም። ከረጢቱ እጃቸው ላይ ሲሰጥ ምን እንደሚሠራ የሚነግራቸው ሰው እምብዛም የለም። መድኃኒት ነው ከተባለ በሽታውን ማስቆም አለበት ብሎ መጠበቅ ተፈጥሯዊ ነው። ለምለም (ኦአርኤስ) ግን ተቅማጥ አያስቆምም፤ ሥራውም ያ አይደለም። ተቅማጥ በአብዛኛው ሕፃን የሚገድለው ጀርሙ ራሱ አንጀቱን ስለጎዳው ሳይሆን፣ ከሰውነቱ ውሃና ጨው ይዞበት ስለሚወጣ ነው። ለምለም የወጣውን ይተካል። አንጀቱ ጀርሙን ጠርጎ እስኪጨርስ ባሉት ቀናት ሕፃኑ እንዳይደርቅ ያቆየዋል። ስለዚህ መሥራት አለመሥራቱ የሚለካው በዳይፐሩ ብዛት አይደለም፤ በልጁ ፊት፣ በእንባው፣ በሽንቱ፣ በንቃቱ ነው። ተቅማጡ እንደቀጠለ ልጅሽ እየተጫወተ፣ እየሸና፣ ሲያለቅስ እንባ እያወጣ ከሆነ ለምለሙ በትክክል ሠርቷል።

እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም አበጣበጡ ላይ የማስጠነቅቅሽ ነገር ከዚህ የመጣ ነው። የታመመ አንጀት ባዶ ውሃን በደንብ መምጠጥ ያቅተዋል። ጨውና ግሉኮስ አብረው ሲመጡ ግን ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስገባው በር በተቅማጥ ጊዜም ሥራውን አያቆምም፤ ጨውና ስኳሩ ሲገቡ ውሃው ይከተላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ፣ በሕንድ ድንበር ባለችው ቦንጋዖን የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ኮሌራ ገብቶ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሊያልቅ ሲል፣ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚባሉ የሕፃናት ሐኪም ጨው፣ ግሉኮስና የመጋገሪያ ሶዳ በውሃ አስበጥብጠው፣ ለሕሙማኑ እንዲያጠጡ ለገዛ ዘመዶቻቸው አስረከቡ። ከመቶ ታማሚ ሠላሳ ያህል ይሞት የነበረው ከአራት በታች ወረደ። ያጠጡት እናቶች፣ አባቶችና እህቶች ናቸው። አንቺም ቤትሽ ሆነሽ የምትሠሪው ያንኑ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ብርጭቆሽ እንመለስ። «በብርጭቆ ትንሽ ትንሽ እየበጠበጥኩ» ያልሽው ነገር አሳስቦኛል። በአገራችን በብዛት የሚገኘው ከረጢት 20.5 ግራም ሲሆን፣ ሙሉው በአንድ ሊትር ውሃ እንዲበጠበጥ ተመዝኖ የታሸገ ነው። ከከረጢቱ በማንኪያ እየቀነሱ በብርጭቆ ሲበጠብጡት ጨዉ የትኛው ማንኪያ ላይ እንደወጣ ማንም አያውቅም። ከበዛ ጨዋማ ይሆንና ውሃውን ከሰውነቱ ወደ አንጀቱ መልሶ ይስበዋል፤ ተቅማጡ ይብሳል፣ በደሙ ውስጥ ያለው ጨውም ከልክ ያልፋል። ካነሰ ደግሞ የጠፋውን አይተካም። የባሰበት የመሰለሽ በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሕመሙ ራሱ ሦስተኛ ቀኑ ላይ ጠንክሮ ሊሆን ይችላል። ለሁለቱም መልሱ አንድ ነው፦ በትክክል በጥብጠሽ ቀጥዪ።

እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ባለ አንድ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ካለሽ መለኪያሽ እሱ ነው፤ ባለ ግማሽ ሊትሩን ሁለቴ መሙላትም ያው ነው። ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም በውሃ አጋር የታከመ ውሃ ንጹሕ ጆግ ውስጥ ገልብጪና ከረጢቱን ሙልጭ አድርገሽ ጨምሪበት፤ ዱቄቱ እስኪጠፋ አማስዪው። ስኳር፣ ማር፣ ወተት ወይም ለስላሳ አትጨምሪበት። ከበጠበጥሽው በኋላ አታፍዪው። ክደኚው፤ 24 ሰዓት ሲሞላው የተረፈው ይደፋ፣ አዲስ ይበጥበጥ። ለዘጠኝ ወር ልጅ አንድ ሊትር ብዙ ነው፣ ይባክናል ብለሽ አትሳሺ፤ የሚደፋው ለምለም ከሚሳሳተው መጠን በብዙ ይረክሳል። ጽሑፉን ከአገር ውጭ ሆናችሁ የምታነቡ፣ በአውሮፓ የሚሸጡት ከረጢቶች ብዙዎቹ ለ200 ሚሊ ሊትር የተሠሩ ስለሆኑ ከረጢቱ ላይ ያለውን አንብቡ፤ በኢትዮጵያው ልማድ በሊትር ብትበጠብጡት ቀጥኖ ዋጋ ያጣል።

ስንት ይጠጣ? ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ካስቀመጠው በኋላ በየጊዜው ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር። በጡጦ አትስጪው፤ በንጹሕ ሲኒና በሻይ ማንኪያ ስጪው። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ይይዛል፤ በደቂቃ አንድ ማንኪያ ብትሰጪው በአሥር ደቂቃ 50 ሚሊ ገባለት ማለት ነው። ቀርፋፋ ይመስላል፣ እጅም ያደክማል፤ ባልሽን፣ አማትሽን እንዲያግዙሽ ጠይቂ። የሚያስመልሰው ልጅ ሆዱ ውስጥ የሚረጋለት ግን በዚህ ፍጥነት ነው። ብርጭቆ ሙሉ አንዴ ግተሽ ብታጠጪው መልሶ ያወጣዋል፣ አንቺም «አልተስማማውም» ትያለሽ። ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ጠብቂና እንደገና ጀምሪ፣ አሁን በሁለት ሦስት ደቂቃ አንድ ማንኪያ። ያስመለሰው ሁሉ ቢመስልሽም ከፊሉ ውስጡ ይቀራል።

ከረጢት ጨርሶ በማይገኝበት ሌሊት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ላይ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠሽ እስኪነጋ ማቆየት ትችያለሽ። ከግማሽ ማንኪያ ጨው እንዳታልፊ። ሲነጋ ጤና ኬላ ወይም ፋርማሲ ሄደሽ ዋናውን አምጪ።

ድርቀቱን እንዴት ታውቂያለሽ? ከሐኪም በፊት የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ የልጅሽን የደህና ቀን ፊት ስለምታውቂ። ዓይኑ ጎድጎድ ብሏል? ያለ ምክንያት ይነጫነጫል? ማንኪያውን ሲያይ ተስገብግቦ ይቀማሻል? እንዲህ ያለ ጥም ደህና ነው ብሎ የሚያልፈው ብዙ ሰው ነው፤ ድርቀት መጀመሩን የሚናገር ምልክት ነው። እርግብግቢቱ፣ አናቱ ላይ የምትመታው ለስላሳ ቦታ፣ ወደ ውስጥ ገብታ እንደሆነ በመዳፍሽ ዳብሺ። ከዚያ ልብሱን ገልጠሽ በእምብርቱና በጎኑ መሃል ያለውን ቆዳ በአውራ ጣትና በሌባ ጣትሽ ቆንጠጥ አድርገሽ ልቀቂው። ወዲያው ከተመለሰ ጥሩ ነው። ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርቋል፤ ሁለት ሰከንድ አልፎ እንደተጨማደደ ከቆየ በጣም ደርቋል። በጣም የከሳ ልጅ ላይ ቆዳው ያለ ድርቀትም ይዘገያል፣ ወፍራም ልጅ ላይ ደግሞ ድርቀቱን ይደብቃል፤ ስለዚህ ቆዳውን ብቻ አትመኚ። ሽንቱንም ተከታተዪ። ዳይፐር ካደረገ ውሃው ተቅማጥ ከሽንት ጋር ስለሚቀላቀል አይለይም፤ ለዛሬና ለነገ ዳይፐሩን አውጥተሽ ነጭ ጨርቅ አድርጊለት። ከስድስት ሰዓት በላይ ካልሸና ይታይ።

ከእነዚህ ምልክቶች ሁለቱ አብረው ከታዩ (ለምሳሌ ዓይኑ ጎድጉዶ ሲስገበገብ) ቤት አትቆዪ። ጤና ጣቢያ በአራት ሰዓት ውስጥ በኪሎ 75 ሚሊ፣ ለልጅሽ 600 ሚሊ ያህል ለምለም፣ እዚያው ተቀምጠሽ እንድታጠጪው ያደርጉሻል፤ እየተመለከቱትም ይቆያሉ። ብዙ እናቶች «ጉሉኮስ ሳይተክሉለት ለምለም ብቻ አጠጪ ብለው መለሱኝ» ብለው ያዝናሉ። በአፉ መጠጣት ለሚችል ልጅ የደም ሥር ፈሳሽ ብልጫ የለውም። ደም ሥር የሚፈለገው መጠጣት ላቃተው ወይም ክፉኛ ለደረቀው ነው።

አሁን ወደ ጥርሱ። የአማትሽን ቃል አልንቀውም፤ ብዙ ልጅ አሳድገው ያዩትን ነው የሚናገሩት። ያዩትም እውነት ነው፤ ጥርስና ተቅማጥ ባንድ ዕድሜ ይመጣሉ። ግን አንዱ ሌላውን አላመጣውም። ከስድስት ወር በኋላ ከእናቱ በማኅፀን የተቀበለው መከላከያ እየሳሳ ይሄዳል፤ በዚያው ሰሞን ምግብና ውሃ ይጀምራል፤ ይድኃል፣ ወለል ላይ ያገኘውን ሁሉ አፉ ይከታል፤ ድዱ ስለሚበላው ደግሞ የበለጠ ይከታል። ጀርሙ የሚገባው በዚህ በኩል ነው። ጥርስ ማብቀል ልጅን ሊያነጫንጨውና ለሐጩን ሊያበዛው ይችላል፤ በቀን ሰባት ጊዜ ውሃ አያስቀምጠውም፣ እውነተኛ ትኩሳትም አያመጣበትም። «ጥርስ ነው» የሚለው ቃል የሚያስፈራኝ ስሕተት በመሆኑ ብቻ አይደለም፤ ቤተሰቡ ተረጋግቶ እንዲጠብቅ ስለሚያደርግ ነው። የሚደርቅ ልጅ ደግሞ መጠበቅ አይችልም።

ግጉን በተመለከተ አጥብቄ እለምንሻለሁ፤ አትውሰጂው። ድዱ ላይ ነጣ ብሎ ያበጠ የሚመስለው ነገር በሽታ አይደለም። ገና ያልወጣ የክራንቻ ጥርስ ነው፣ በሁሉም ሕፃን ድድ ውስጥ አለ። ያንን በጥፍር፣ በምላጭ ወይም በሽቦ ፈልፍሎ ማውጣት ከተቅማጡ ጋር ምንም አያገናኘውም። ደምና ፈሳሽ ያነሰበት ልጅ በላዩ ደም ይፈስሰዋል፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ጀርሙ ወደ ደሙ ሊገባ ይችላል፤ ያልተቀቀለ ስለት ቴታነስና ኤችአይቪ ያስተላልፋል። ከሥሩ የሚበቅለው ቋሚ ጥርስም ሊበላሽ ይችላል። አፉ ስለሚያመው ጡት መያዝ ያቆማል፤ በተቅማጥ ላይ ይህ ሲጨመር ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። እንጥል ማስቆረጥም እንዲሁ ነው። ጎረቤትሽ በክፋት እንዳልተናገረች አውቃለሁ። «ሐኪሙ ከልክሎኛል» ብለሽ በእኔ አሳብቢ።

ስለ አሞክሳሲሊኑ፦ በዚህ ዕድሜ ውሃ ውሃ የሚል፣ ደም የሌለበት፣ ከማስመለስና ከመጠነኛ ትኩሳት ጋር የሚመጣ ተቅማጥ አብዛኛው የቫይረስ ነው፤ ሮታ ቫይረስ የታወቀው ነው። አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይነካም። አሞክሳሲሊን ራሱ ደግሞ ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል። ለተቅማጡ ብቻ የተሰጠ ከሆነ አያስፈልገውም። ጆሮውን ወይም ሳንባውን አይቶ ያዘዘለት ባለሙያ ካለ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጠርሙሱን ይዘሽ ሄደሽ አሳዪ። አንጀቱን አስረው ተቅማጥ የሚያቆሙትን የአዋቂ ክኒኖች ፈጽሞ አትስጪው፤ ሕፃን ላይ አንጀቱን ሙሉ በሙሉ ሊያስሩትና ሊያደነዝዙት ይችላሉ። ፌጦም ይቆየው።

የሚያስፈልገው ሌላ መድኃኒት ዚንክ ነው፣ ማንም ስላልሰጠሽ አዝናለሁ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ሁሉ ከለምለም ጋር እንዲሰጥ ይመክራሉ። ስድስት ወር ላለፈው 20 ሚሊግራም (አንድ ፍሬ) በቀን አንዴ፣ ለ10 ቀን፤ ከስድስት ወር በታች ለሆነው ግማሽ ፍሬ። ፍሬው በማንኪያ በጡትሽ ወተት ወይም በንጹሕ ውሃ ወዲያው ይሟሟል። የተቅማጡን ዕድሜ ያሳጥራል፣ በሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ወራትም እንዳይመላለስበት ይረዳዋል። ለዚህ ነው ተቅማጡ በአምስተኛው ቀን ቢቆምም አሥሩን ቀን መጨረስ ያለበት። ጤና ኬላ ላይ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ለምለሙንም ዚንኩንም ትሰጥሻለች፤ በዚያው የክንዱን ዙሪያ ለክታ የምግብ እጥረት እንዳለበት ታይልሻለች።

ጡት አታቁሚ። ከወትሮው አብዢለት፣ ሌሊትም። ወተትሽ ውሃም፣ ምግብም፣ መከላከያም ነው፤ የታመመ አንጀትም ይቀበለዋል። ምግቡንም አትከልክዪው፤ «ሆዱ ይረፍ» የሚባለው ነገር ልጅን ያከሳል፣ የከሳ ልጅ ደግሞ ተቅማጡ ይረዝምበታል። ለስለስ ያለ ገንፎ ጠብታ ዘይት ጨምረሽ፣ የተፈጨ ድንች፣ ሙዝ፣ የሩዝ አጥሚት፣ ትንሽ ትንሽ፣ ደጋግመሽ። ለስላሳ መጠጥ፣ አምቦ ውሃ፣ በስኳር የጣፈጠ ሻይና ጭማቂ ይቅሩ፤ የበዛው ስኳር ተቅማጡን ይጨምራል።

ትኩሳቱ 38.5 ከደረሰና ካስጨነቀው ፓራሲታሞል ስጪው። ጠርሙሱ «120 ሚሊግራም በ5 ሚሊ» የሚል ከሆነ ለ8 ኪሎ ልጅ እስከ 5 ሚሊ፣ በየስድስት ሰዓቱ፣ በቀን ከአራት ጊዜ ሳይበልጥ። የጠብታው ዓይነት በጣም የጠነከረ ስለሆነ በሽሮፑ ልክ አይለካም። አስፕሪን አይሰጥም፤ ኢቡፕሮፌን በደረቀ ልጅ ኩላሊት ላይ ጉዳት ስለሚያመጣ ይቅር። አትጠቅልዪው፣ ልብሱን አሳሺለት። ወባ ያለበት አገር ከሆናችሁ ትኩሳት ያለው ልጅ ዛሬውኑ የደም ምርመራ ይደረግለት፤ «ተቅማጥ ነው» ብሎ ወባን ማለፍ አደገኛ ነው። ተኝቶ ሳለ ደረቱን ገልጠሽ ትንፋሹን ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪለት፤ በእሱ ዕድሜ 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም ሲተነፍስ የጎኑ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል ውሰጂው።

ሐኪም ቤት መቼ ላልሽው፣ መጀመሪያ የዘረዘርኩትና የድርቀቱ ምልክቶች እንዳሉ ሆነው፣ እነዚህን ጨምሪ። ሰገራው ላይ ደም ካየሽ፤ ያኔ አንቲባዮቲክ ሊያስፈልገው ይችላል፣ የቱ እንደሆነ ግን ባለሙያው ይወስን። ትኩሳቱ ከነገ ወዲያ ካልወረደ። የሚያስመልሰው አረንጓዴ ከሆነ፣ ወይም በየተወሰነ ደቂቃ እግሩን ወደ ሆዱ ሰብስቦ እየጮኸ አለቀሰ፣ በመሃል ፈዝዞ ዝም አለ፣ ከዚያ ደም የተቀላቀለበት ንፍጥ የመሰለ ሰገራ መጣ፤ ይህ አንጀት በአንጀት ውስጥ መግባት ሊሆን ስለሚችል ሰዓት የማይሰጥ ነገር ነው፣ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ነው የሚሄደው። ተቅማጡ ያለ ሌላ ምልክት እስከ ሰባት ቀን ቢቆይ ያስጨንቃል እንጂ ያልተለመደ አይደለም፤ 14 ቀን ከደረሰ ግን ምርመራ ያስፈልገዋል። ታናሽ ሕፃን ላላቸው እናቶች ልጨምር፦ ሁለት ወር ያልሞላው ልጅ ትኩሳት ካለው ወይም ጡት አልይዝ ካለ ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር የለም፣ ወዲያው ይወሰድ።

ጡጦ የምትጠቀሚ ከሆነ ከዚህ ሕመም በኋላ ወደ ሲኒና ማንኪያ አዙሪው። የጡጦ ጫፍ ውስጥ የሚቀረው ወተት በየቤቱ የማየው ትልቁ የተቅማጥ ምንጭ ነው፤ ማፍላት ይቻላል፣ ግን በየቀኑ በየጊዜው የሚያፈላ ሰው ጥቂት ነው። ዳይፐር ከቀየርሽ በኋላና ምግቡን ከመንካትሽ በፊት ሳሙና፤ የልጅ ሰገራ ንጹሕ ነው የሚባለው ልክ አይደለም።

ሲሻለው ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ ማዕድ ጨምሪለት፣ የከሳውን እንዲመልስ። የክትባት ካርዱንም አውጥተሽ እዪው። በ2006 ዓ.ም. ወደ መደበኛው ክትባት የገባው የሮታ ጠብታ ተሰጥቶት ከሆነ ሕመሙ ቀለል እንዲልለት ይረዳዋል። ዘጠኝ ወር ደግሞ የኩፍኝ ክትባት መጀመሪያው ነው፤ ኩፍኝ ራሱ ክፉ ተቅማጥ ያመጣል። ቀላል ተቅማጥ ክትባት አያስከለክልም፣ ስለዚህ ዚንኩን ልትቀበዪ ስትሄጂ ካርዱን ይዘሽ ሂጂና በዚያው ያስከትቡልሽ።